ተሟጋች ያጣ የዘር ቆጠራ፦ በአዊ ምድር ከርስት ሙግት እስከ በይነ መረብ

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በዙሪያቸው ባለው የአዊ ምድር የዘር ቆጠራ፣ ማለትም አንድ ሰው ከራሱ ተነሥቶ በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ እየቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚደርስበት ልማድ፣ ለረጅም ዘመን የመብት መሠረት ሆኖ ኖሯል። መሬት የሚጠየቀው በቆጠራ ነበር፤ ጋብቻ የሚፈቀደውና የሚከለከለው በቆጠራ ነበር፤ ደም ፈስሶ ሽማግሌ ሲቀመጥም የገዳይና የሟች ወገን የሚለየው በዚሁ ነበር። ዛሬ ይኸው ቆጠራ በተለምዶ ኢንተርኔት ወደሚባለው በይነ መረብ እየተሻገረ ሲሆን፣ ከአያቶቹ ቀዬ ርቆ የሚኖር ሰው የቀድሞ መጻሕፍትን፣ የብራና ምስሎችንና የቤተሰብ ሐረግ መመዝገቢያዎችን ከተቀመጠበት ሳይነሣ መመልከት ይችላል። ሆኖም የቀድሞው ቆጠራ የታመነው ቆጣሪው ሁሉን ስለሚያስታውስ ሳይሆን እያንዳንዱን ስም የሚሞግት ተቃራኒ ወገን ስለነበረው በመሆኑ፣ በበይነ መረብ የሚሠራ የቤተሰብ ታሪክ ጥናት ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የዚያን ተሟጋች ቦታ ማን ይይዛል የሚል ነው።

የአዊ ሕዝብ ከአገው ሕዝቦች አንዱ ሲሆን፣ ቋንቋው ከዋግ ኽምጣንጋና ከኤርትራው ብሊን ጋር ይዛመዳል፤ አገሩም በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀው አገው ምድር በሚለው ስም ነው። በሕዝቡ ዘንድ በሰፊው የሚነገረው ትረካ የአዊ አባቶች ከላስታ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች እንደነበሩና አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ተብለው የሚጠሩት አገሮች ስማቸውን ከእነርሱ እንደወረሱ ይገልጻል፤ ሰባት ቤት አገው የሚለው መጠሪያም ከዚሁ የመጣ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት የአገውን ታሪክ ባጠኑበት ሥራቸው ይህን የመሰለውን የፍልሰት ትረካ ከጽሑፍ ምንጮች ጋር አነጻጽረው መርምረዋል። ለቤተሰብ ታሪክ ጥናት ትረካው ሁለት ጥቅም አለው፤ በአንድ በኩል የእያንዳንዱ ቤተሰብ ቆጠራ የሚያርፍበትን ጫፍ ያሳያል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሰው ስምና የቦታ ስም አንድ የሆኑበት አገር እንደሆነ ስለሚያስገነዝብ፣ አንድ ሰው አባቴ ዚገም ነው ሲል ስለ ሰው ይናገር ወይስ ስለ አገር የሚለውን አስቀድሞ መለየት እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። ከሰባቱ አንዱ የሆነው መተከል ዛሬ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ የሚገኝ በመሆኑም፣ የአስተዳደር ወሰንን ብቻ ተከትሎ የሚፈለግ መዝገብ የአንዱን ቤት ሰዎች ከሁለት ይከፍላል።

የዘር ቆጠራን ከትረካ ወደ ሕግ ያሸጋገረው የርስት ሥርዓት ነው። ርስት አንድ ሰው ከአቅኚው አባት በመወለዱ ብቻ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ሲሆን፣ በጎጃም ይህ መብት በወንድ ብቻ ሳይሆን በሴትም ይተላለፍ ነበር፤ በመሆኑም አንድ ገበሬ በአባቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባትና በእናቱ እናት በኩል የተለያዩ አቅኚዎችን ሊቆጥርና በተለያዩ አጥቢያዎች ርስተኛ ነኝ ሊል ይችል ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን ከአዊ በስተምሥራቅ በሚገኘው በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የአንድ አካባቢ መሬት ባለቤት ተደርጎ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ያዥ ዋና አባት ይባል ነበር፤ መሬቱ በስማቸው የተከፈለባቸው ልጆቹ ምንዝር አባት ይባሉ ነበር፤ የየክፍሉን ተወላጆች ወክሎ ድርሻ የሚያስከፍለውና የሚሟገተው ሰው ደግሞ ፈጅ ይባል ነበር። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው ተረት የተነገረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ቆጠራው እስካልተቋረጠ ድረስ መብቱ በይርጋ አይታገድም ማለት ነው።

ይህ መብት በተግባር የሚፈተነው በሙግት ነበር። ርስት ጠያቂው ከዳኛውና ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ከራሱ እስከ ዋናው አባት ያሉትን ስሞች በቅደም ተከተል ይቆጥራል፤ ያዡ በተጠየቅ ሥርዓት፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች ዋስ ጠርተው በጥያቄና በመልስ በሚፋለሙበት የክርክር ደንብ፣ ከስሞቹ መካከል ደካማ የመሰለውን ቀለበት መርጦ ይመታል። እገሌ የተባለው ዘር ሳይተካ ሞቷል ሊል ይችላል፤ እገሊት የዋናው አባት ልጅ ሳትሆን የወንድሙ ልጅ ነበረች ሊል ይችላል፤ ቆጣሪው የጠራው ሰው የተወለደ ሳይሆን የጡት ልጅ፣ ማለትም በልማድ ሥርዓት እንደ ልጅ የተወሰደ ነበር ብሎም ሊያፈርሰው ይሞክራል። ከዚያ በኋላ እማኞች ይጠራሉ፤ እማኝ የሚሆነውም ስሙን ከአባቱ የሰማ፣ በመሬቱ ላይ ያለውን ወሰን የሚያውቅና በሐሰት ቢናገር በአገሩ ሰው ፊት የሚያፍር ሽማግሌ ነበር። ሆበን እንዳመለከተው ሙግቱ ሁልጊዜ እውነተኛውን ቆጣሪ አሸናፊ አያደርግም ነበር፤ ገንዘብ፣ ሹመትና ብዙ ዘመድ ያለው ሰው ቀጭን ቆጠራውን አጠንክሮ ሲያስፈርድ፣ አቅም ያነሰው ደግሞ እውነተኛ ቆጠራ ይዞ ከመሬቱ ሊርቅ ይችል ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድ ስም ተፈትኖ ካለፈ በኋላ የማኅበረሰቡ ዕውቀት ይሆን ነበር፤ ስሙን የሚያውቁት ከእርሱ የሚጠቀሙት ብቻ ሳይሆኑ በእርሱ የተረቱትም ጭምር ነበሩ።

ጋብቻም የራሱን ቆጠራ ይጠይቅ ነበር። ከመተጫጨት በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዘር ቆጥረው ጥንዶቹ እንደማይገናኙ ማረጋገጥ ስለነበረባቸው፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት፣ ምንጅላትና እንጅላት እያሉ ወደ ላይ የሚወጡት የዝምድና መጠሪያዎች በየቤቱ ይታወቁ ነበር። ይህ ቆጠራ ከርስቱ ቆጠራ የሚለየው በዓላማው ነው፤ ርስት የሚጠይቀው ሰው ዝምድናን ለማግኘት ሲቆጥር፣ ጋብቻ የሚፈልገው ግን ዝምድና አለመኖሩን ለማሳየት ይቆጥራል። በመሆኑም ስለ አንድ ሴት አያት ሁለት ቤተሰቦች የሚሰጡት ቃል ሲለያይ፣ ቃሉ ለየትኛው ጉዳይ እንደተሰጠ መጠየቅ ለአጥኚው ብዙ ነገር ይፈታለታል።

በዚህ አገር የሰው ስም ራሱ አንድ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በዓለም የሚጠራበት ስም ሲኖረው፣ በጥምቀት ጊዜ የተሰጠውን የክርስትና ስም በአብዛኛው የሚያውቁት ቤተሰቡና የንስሐ አባቱ ናቸው፤ ይህ ስም ጎልቶ የሚሰማው በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ ነው። በጦር ሜዳ ስም ያተረፈ ሰው ደግሞ አባ በሚል ቃል የሚጀምር የፈረስ ስም ነበረው። ፈረስ በአዊ የእርሻ፣ የጉዞ፣ የሠርግና የለቅሶ አካል በመሆኑና በዓድዋ ዘመቻና በጠላት ወረራ ዘመን ለፈጸመው ውለታ መታሰቢያ በ1932 ዓ.ም. የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተቋቋመ በመሆኑ፣ የፈረስ ስም በዚህ አካባቢ ከሌላው በበለጠ በሰው አፍ ይገኛል። አንድ ሰው በግብር ደረሰኝ በዓለም ስሙ፣ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በክርስትና ስሙ፣ በሽለላና በቀረርቶ ደግሞ በፈረስ ስሙ ሊገኝ ስለሚችል፣ በበይነ መረብ አንዱን ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሦስት ሰዎችን ያገኘ ሊመስለው ወይም አንዱንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

የአዊ የቤተሰብ ታሪክ በአብዛኛው በቃል ይኑር እንጂ ጽሑፍ ፈጽሞ አልነካውም ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና የሙግት ውሳኔ በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው የክርስቲያኑ መንግሥት የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ ማስታወሻዎች ላይ የተመሠረተ ነው። የውጭ ተጓዦችም ስለ አገሩ ጽፈዋል፤ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ከአዊ ጎን በምትገኘው ሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ጎብኝተዋል፤ ብሩስም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ አገው አገሮች፣ ለጎንደር ስለሚያቀርቡት ከብት፣ ማርና ቅቤ እንዲሁም ስለ ምንጩ ካህንና ቤተሰቡ በስፋት ተርኳል። በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዳንግላ የብሪታኒያ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች፤ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በቆንስልነት የቆየው ሮበርት ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አካባቢ እየዞረ ካርታ አንሥቶ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። እነዚህ ጽሑፎች የባላባትን፣ የሹመኛንና የመንገድ መሪን ስም ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ የተራውን ገበሬ ሐረግ ግን እምብዛም አይነኩም፤ ስሙን ሲጽፉም የሰሙት በባዕድ ጆሮ ነው።

የርስት ቆጠራ ሕጋዊ ዕድሜ ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲታወጅ ነው። አዋጁ ርስትን ከነሙግቱ ስላስቀረው፣ ከዚያ በኋላ መሬት የሚገኘው በትውልድ ሳይሆን በገበሬ ማኅበር አባልነት ሆነ፤ ብዙ ገበሬዎች በመሬት የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ እስከ ዋና አባት መቁጠር የሚችለው ሽማግሌ ግን ዕውቀቱን የሚፈልግ ችሎት አጣ። ለጋብቻ የሚደረገው ቆጠራ ቢቀጥልም ከሰባት ቤት በላይ መውጣት ስለማያስፈልገው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ስሞች በሚቀጥለው ትውልድ መሳሳት ጀመሩ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም ከነፎቶግራፋቸው የያዘ ጠቃሚ ሰነድ ቢሆንም፣ የሚመዘግበው የዛሬውን ያዥ እንጂ የአያቱን አያት አይደለም።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያነቡት በሚያስችለው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ፋሚሊሰርች የተባለው ድረ ገጽ መነሻው በ1894 በአሜሪካ ዩታ የተቋቋመ የትውልድ ሐረግ ማኅበር ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦችን በነፃ ያስነብባል። አንድ የአዊ ተወላጅ ግን የአያቱን ስም በዚህ ድረ ገጽ ቢፈልግ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ምክንያቱም የመዝገብ ታሪክ ነው። በእንግሊዝ የየአጥቢያው የጥምቀትና የቀብር መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1538፣ የመንግሥቱ ምዝገባ ደግሞ ከ1837 ጀምሮ ሲኖር፣ በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያሰበው የልደትና የሞት መዝገብ ሳይተገበር ቆይቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ለአብዛኛው ሕዝብ መዝገቡ ሰው ነበር።

በይነ መረብ ለአዊ የቤተሰብ ታሪክ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ከአገር የወጡና በፊልም የተቀረጹ ጽሑፎችን መልሶ ማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ በሃያ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ዝርዝራቸውን አዘጋጅተውላቸዋል፤ ዛሬ ብዙዎቹ በነፃ በሚደረግ ምዝገባ በበይነ መረብ ይነበባሉ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት፣ የፈረንሳዊው ተጓዥ የዳባዲ ስብስብ ደግሞ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፊልም የተነሣላቸው መጻሕፍት በብዛት የሸዋ በመሆናቸው የአገው ምድር ድርሻ ትንሽ ነው፤ በዝርዝሩም ውስጥ የኅዳግ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚጠቀስ፣ የመሬት ውል የሚፈልግ ሰው ምስሉን ገጽ በገጽ ከመግለጥ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ፍለጋው ሁለት የቴክኒክ ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው የፊደል ነው፤ ኃይሉ የሚለው ስም በሃ፣ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሊጻፍ ስለሚችልና ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ስሞች ስለሚያያቸው፣ የሰ፣ የአና የጸ ሞክሼዎችም እንዲሁ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ስም በሁሉም አጻጻፉ መፈለግ አለበት። ሁለተኛው የዘመን ቁጥር ነው፤ የአገር ሽማግሌ የልደትን ዘመን የሚናገረው በታላላቅ ክንውኖችና በወንጌላውያን ስም ስለሆነ፣ አያቱ ጣሊያን በገባ ማግስት በዘመነ ማቴዎስ ተወለዱ የተባለ ሰው ወረራው አዲስ አበባ የደረሰበት 1928 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ እንደነበረ ካወቀ፣ ተከታዩ ማቴዎስ 1929 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1936 እስከ መስከረም 1937 ያለው ጊዜ መሆኑን ይደርስበታል። በበይነ መረብ የቤተሰብ ሐረግ ላይ አንድ ዓመት ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ልጅን ከወላጁ ጋብቻ በፊት ሊያስወልድ ይችላል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ በበይነ መረብ የሚደረግ የቤተሰብ ፍለጋ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በጉዲፈቻ ጉዳይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ በጉዲፈቻ ከተወሰዱ በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን አቁሟል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው ቤተሰብ ፍለጋ የተባለው ድርጅት ደግሞ የወላጅ ቤተሰቦችንና ያደጉትን ልጆች መረጃ በአንድ የመረጃ ቋት እየመዘገበ ያገናኛል። ይህ ሥራ የሚያስተምረው ትልቅ ነገር ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ልጅ የየራሳቸውን ቃል ሲሰጡ የጉዲፈቻው ወረቀት ከእናት ምስክርነት ጋር የሚፈተንበት ዕድል መኖሩን ነው፤ ይህም ከተጠየቅ ችሎት ባሕርይ ጋር ይቀራረባል። በአንጻሩ በንግድ የሚቀርበው የዘረመል ምርመራ አንድን ሰው የሚያዛምደው ቀድሞ ከተመረመረ ሰው ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ዘመዶቹ ያልተመረመሩለት የባንጃ ወይም የዳንግላ ልጅ ከእርሱ የሚያገኘው ጥቅል ግምት ነው።

የበይነ መረብ ትልቁ ድክመት የሚታየው ሰዎች ራሳቸው በሚሞሏቸው የቤተሰብ ሐረጎች ላይ ነው። አንድ ሰው የአሥራ ሁለት ትውልድ ስም ቢጽፍ የሚቃወመው ያዥ የለም፤ የሚሸነፍ መሬት ስለሌለም ማንም ለሐሰቱ ዋስ አይጠራም፤ ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው የተገለበጠ ስህተት ደግሞ በመደጋገሙ ብቻ የተረጋገጠ ይመስላል። የአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እንደታየው፣ ምንጩን ሊያርሙ የሚችሉት የአገሩ ሰዎች ከመረቡ ውጭ ሆነው ውጭ ያሉት ብቻቸውን ሊጽፉም ይችላሉ። ስለዚህ አጥኚው የራሱ ተሟጋች መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ስም ማን እንደተናገረው፣ መቼና የት እንደተነገረ፣ ተናጋሪው ከማን እንደሰማው መጻፍ፣ በእናት በኩል ያለውን ቃል ከአባት ወገን ቃል ጋር ማነጻጸር፣ ሁለት ቃሎች ሲጋጩም አንዱን ሰርዞ ሌላውን ከማቆየት ይልቅ ሁለቱንም ከነምስክሮቻቸው ማስቀመጥ ይገባዋል። የርስት ሙግት ያወረሰው ጥበብ ይህ ነው፤ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ እማኝ ያስፈልገዋል።

የመረቡን መደርደሪያ በአዊ ቃል የመሙላት ኃላፊነት በቅድሚያ የሚወድቀው በአካባቢው ባሉ ሰዎችና ተቋማት ላይ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ የዞኑና የወረዳዎቹ የባህል መሥሪያ ቤቶች፣ የየደብሩ ካህናት፣ የእድር ጸሐፊዎችና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰቡት የፈረሰኞቹ ማኅበር አባላት ቢተባበሩ፣ ቆጠራውን በአዊኛም በአማርኛም በድምፅ መቅረጽ፣ የብራና ኅዳጎችን ፎቶግራፍ ማንሣትና የተናጋሪዎቹን ፈቃድ አስጠብቆ ማስቀመጥ የሚከብድ ሥራ አይደለም። በውጭ የሚኖረው የአዊ ልጅም ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት ለአያቱ፣ ለአክስቱና ለንስሐ አባታቸው ስልክ ይደውል። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ሞልቶት የአባቱን የርስት ሙግት ቆሞ የሰማ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ብራናው ተቀርጾ ሊጠብቅ ይችላል፣ እርሱ ግን አይጠብቅም።